ከስፌት ክፍሉ ሥር ያለው ቦይ

በእኛ ሰፈር ሰው በስሙ አይጠራም። እኔ ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት አገልግዬ ጡረታ ብወጣም የኮሚቴ ሁሉ ጸሐፊ ሆኜ ስለቀረሁ «ቃለ ጉባኤ» ነኝ። ሰብሳቢያችን ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነውና «ሾፌሩ» እንለዋለን። ስብሰባም የሚመራው እንደ አውቶቡስ ነው፤ አንዴ በሩን ከዘጋ እሱ ካላቆመ ማንም አይወርድም። ይህን የምጽፍለት ሰው ግን ግንበኛ ነው፤ ጋሼ ውሃልክ።

ውሃ ልክ ያቺ አረፋ ያለባት የግንበኛ መሣሪያ ናት። አረፋዋ ከመሃል ከሸሸች ግንቡ ዘሟል ማለት ነው። ጋሼ ውሃልክ ትንሿን ከኮቱ ኪስ አይለያትም። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣትና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያታል፤ «በዚህ በኩል ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡበት» ሳይል አይነሳም። አንድ ጊዜ ራሱ የገነባውን አጥር በማግስቱ ሲያፈርሰው አየሁት። አንድ ጣት ያህል ዘሟል ብሎ ነው። የአጥሩ ባለቤት «ተወው እባክህ፣ ማን ያየዋል?» ቢለው «እኔ አየዋለሁ» አለና መዶሻውን አነሳ። ስሙ የወጣለት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይህን ሰው ግን ከልቤ ነው የማከብረው። ባሌ በሞተ በመንፈቁ የጓሮዬ አፈር በዝናብ ተናደና ማድ ቤቴን ሊወስደው ደረሰ። ጋሼ ውሃልክ ሳልጠራው መጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ድንጋይ ጠርቦ፣ ሲሚንቶውን ከራሱ አምጥቶ፣ እስከ ዛሬ ያልተነቃነቀ ግንብ ገነባልኝ። ስንት ልስጥህ ስለው «ሻይ አፍልተሽልኛል» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው በጋ ነው ለሚስቱ የስፌት ክፍል የሠራላት።

ነገሩ እንዲገባችሁ የሰፈሩን አቀማመጥ ላስረዳ። እኛ ሰባት ቤቶች ከላይኛው መንገድ ዝቅ ብለን፣ ወደ ጓሯችን አዘንብለን ነው ያለነው። ከእኛም በታች የጋሼ ውሃልክ ቤት አለ፤ ፊቱ ወደ ታችኛው አስፋልት ነው። በእሱ ቤትና በትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር መካከል አንድ ሜትር ተኩል የምትሰፋ ክፍተት ነበረች። የሰባታችንም ጓሮ ውሃ በዚያች ክፍተት በተቆፈረ ቦይ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። ሌላ መውጫ የለውም። ክፍተቷም የሰፈሩ የጋራ ናት፤ የማንም ካርታ ውስጥ የለችም።

ጋሼ ውሃልክ በዚያች ክፍተት ላይ ነው የገነባው። ከመስኮቴ ሆኜ አይቻለሁ። ቦዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው፣ ወለል አፈሰሰበት፣ የትምህርት ቤቱን አጥር እንደ አንድ ግድግዳ ቆጥሮ ጣሪያ ጣለበት። ወጥቼ ልጮህ ነበር። ግን የኔ ግንብ ሲሚንቶ ገና ደርቆ አላለቀም፤ በምን አፌ ልናገረው? ይሉኝታ ያዘኝ። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ነገም አልተናገርኩም። ጣሪያው ከተከደነ በኋላ ደግሞ መናገሩ እንደ ክፋት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ክረምት አለፈ። ዝናቡ ጠንከር ባለ ቁጥር ያ የተከደነ ቦይ አልበቃ ይለዋል፤ ውሃው ወደ እኛ ይመለሳል፤ የሽንት ቤት ጉድጓዳችን ይሞላና ጓሮው ይሸታል። የመምጠጫ መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ አስጠራለሁ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ስቆም ወደ ታች የስፌት ክፍሉን ጣሪያ አያለሁ፤ ከዚያ ግንቤን አያለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ።

እንዲህ እያለን አዲሱ የውሃና የፍሳሽ መስመር መጣ። ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፈን፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣልን ሰዎች በየቤታችን ቧንቧ ሊገባልን ነው፤ ፍሳሹም በቱቦ ሊሄድልን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የወጪውን ግማሽ ይችላል፤ ግማሹን እኛ በቤት በቤት እናዋጣለን። ግን አንድ ውል ነበረው፦ አንድ ቤት እንኳ ከመስመሩ ውጭ ከቀረ ድጋፉ የለም። ፕላኑ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ መግባት አለበት።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ የሕፃናት ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። መሐንዲሷ የልጅ ልጄ የምትሆን ቀጭን ልጅ ናት። ፕላኑን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና ዋናው የፍሳሽ ቱቦ በላይኛው መንገድ፣ ቅርንጫፉም በታችኛው አስፋልት እንደሚያልፍ አሳየችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን በሰባቱ ቤቶች ላይ አሳረፈች።

«እነዚህ ከላይኛው ቱቦ በታች ናቸው፤ ወደ ታችኛው ደግሞ መተላለፊያ የላቸውም። ፍሳሻቸው ወደ ላይ በራሱ ሊወጣ አይችልም። ፓምፕ ያስፈልጋል» አለች።

የፓምፑን ዋጋ ስትናገር ከላይኞቹ ቤቶች ጉርምርምታ ተነሳ። መዋጮው ለእያንዳንዱ ቤት በሲሶ ሊጨምር ነው። አንዱማ ብድግ ብሎ «ለነሱ ሽንት ቤት እኛ መብራት ልንከፍል ነው? የፈለጉት ራሳቸው ይቻሉት!» አለ። ራሳችን እንቻለው ቢባል ለሰባት ሲካፈል የኔ ድርሻ የሁለት ዓመት ጡረታዬ ነው። እኛ ካልከፈልን ደግሞ ፕሮጀክቱ ለሁሉም ቀረ ማለት ነው።

መሐንዲሷ ግራ ገባት። ፕላኑን ጠጋ ብላ አየችና «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ድሮ የዝናቡ ውሃ በየት ነበር የሚወርደው? መቼም በሆነ በኩል መውጫ ሳይኖረው አይቀርም» አለች።

ሠላሳ አራት ሰው ጭጭ አለ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። ጋሼ ውሃልክ ከኋላ ተቀምጦ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያዞራል። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ውሃማ…» አለ ሾፌሩ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «ውሃማ ያው ወደ ታች ነዋ የሚወርደው፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ከልክ በላይ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በገዛ እጄ «ስለ ፓምፑ ዋጋ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ውሸት ታይፕ አድርጌ አውቃለሁ፤ ግን የአለቆቼ ውሸት ነበር። ይህ የኔው ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ውሃልክ ነው፤ ያንን ብርሃን የሚያሳልፈውን ረጅም ጎማ ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ይዟል። ግንበኞች ውሃ ይሞሉበትና ሁለቱን ጫፍ ራቅ አድርገው ይይዙታል፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚቆም የትኛው መሬት ከየትኛው በስንት ዝቅ እንደሚል በሜትር ይለኩበታል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል።

«ቃለ ጉባኤ፣ አንዱን ጫፍ ያዢልኝ» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች፣ ከጓሮዬ ጀምረን በየቤቱ ጓሮ እየወረድን ለካን። «ከፍ አድርጊ… በቃ፣ ያዢ» ይላል፤ ቁጥር ይጠራል፤ እጽፋለሁ። ከሥራው ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እንዲህ እያልን የስፌት ክፍሉ ጀርባ ደረስን። ከውስጥ የስፌት መኪናው ትክትክ ይሰማል። ጋሼ ውሃልክ ጎማውን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ግራ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና ብዙ ቆየ። እኔ በእጄ ባለው ጫፍ ውስጥ ያለችውን ውሃ አያለሁ።

«ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ይበቃል?» አልኩት በመጨረሻ።

«ይበቃል። ተርፎም ይበቃል» አለ።

ጎማውን ጠቀለለና ሄደ። በንዴት ጓሮዬን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ያውቃል! አውቆ ነው ዝም ያለው! በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ላፈርጠው ማልኩ። በኋላ ሳስበው ግን ያናደደኝ የእሱ ዝምታ ብቻ አልነበረም። ጎማውን እኩል ነው የያዝነው፤ እኩል ነው ዝም ያልነው።

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ስገባ ግን እትዬ ሰፊዋ፣ የጋሼ ውሃልክ ሚስት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የሜትር ጥቅልሏን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የመጣችው። ያቺ ክፍል እንጀራዋ ናት። የትምህርት ቤቱ ልጆች ዩኒፎርም በሙሉ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ልጆቿን አስተምራ የዳረችውም በዚያው ነው። ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሾፌሩ ስለ ፓምፕ ሊቀጥል ሲል ጋሼ ውሃልክ ከኋላ ተነሳ።

«ፓምፕ አያስፈልግም» አለ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ከሰባቱ ቤቶች እስከ ታችኛው አስፋልት ሁለት ሜትር ከአርባ ቁልቁለት አለ። በእኔ ቤትና በትምህርት ቤቱ አጥር መካከል ቦይ ነበር። የሰፈሩ ቦይ ነው። ቤት ሠራሁበት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ክፍሉን አፈርሰዋለሁ።»

ከዚያ ቆሞ ጠበቀ። ስድብ ይጠብቃል፣ ጩኸት ይጠብቃል፤ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር የቆመው። ማንም አልጮኸም። ማንም «እንዴ!» አላለም። ጋሼ ውሃልክ አንድ በአንድ ፊታችንን አየ። የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ታውቁ ነበር?» አለ።

አንድ ሁለት ሰው አንገቱን ደፋ።

«ሁላችሁም?»

ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያሉት አሮጊት ናቸው አፍ ያወጡት። «የኔ ልጅ፣ የኔን ደረጃ የሠራህልኝ በዚያው ዓመት ነው» አሉ። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ «የኔን አጥር» አለ። ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ «የመኪና ማቆሚያዬን» አለ። እኔም «የኔን ግንብ» አልኩ። ለካ እያንዳንዳችን ብቻችንን የምናውቅ መስሎን፣ ለእሱ የዋልነው ውለታ መስሎን ሃያ ሁለት ዓመት ምስጢር ጠብቀናል። ሰባት ቤት በገማ ጓሮ የኖረው በዚህ ነው።

ጋሼ ውሃልክ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔማ» አለች እትዬ ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ «ክረምት ክረምት ከወለሉ ሥር ውሃው ሲሄድ እየሰማሁ አይደል የምሰፋው? እንዲነሳብህ የማትፈልገው ነገር መስሎኝ ነው።»

ዴስኩ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ስድብ ጠብቆ ዝምታ ሲያገኝ በአንድ አፍታ እንዲህ እንደሚያረጅ አላውቅም ነበር። መሐንዲሷ ሁላችንንም እያፈራረቀች አየችን። «ታዲያ ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የኛው ልጅ ናት፤ ገብቷታል።

«የስፌት መኪናዬን ማን ነው የሚሸከምልኝ?» አለች እትዬ ሰፊዋ።

«እኔ ቤት ይግባ። ሳሎኔ ሰፊ ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠው።

ጋሼ ውሃልክ መዋጮውን እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ ሲነሳ ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። «አንድ ሰው በአንድ ወንበር ነው። ትርፍ አልጭንም» አለ። በዚያ ቀን ከልብ የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም በደብተሬ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ፤ ያለ አንድ ጌጥ።

ክፍሉን በገዛ እጁ አፈረሰው። ሌላ ሰው መዶሻ እንዲያነሳ አልፈቀደም። ወለሉ ሲነሳ ከሥሩ ያ ቦይ ወጣ፤ እኔ በቆሻሻ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። ግራና ቀኙ በተጠረበ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወለሉ አንድ ወጥ ሆኖ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ከክዳኑ በታች ማንም ሊያየው የማይችል ሥራ ነው። መሐንዲሷ መለኪያዋን አምጥታ አሳረፈችበትና ተደነቀች።

«ይሄንን ማን ነው የሠራው? ቱቦውን በዚሁ ልክ እዘረጋዋለሁ» አለች።

«ሌባው ነዋ» አለ ጋሼ ውሃልክ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሆነ። በዚያ ስም ሲጠሩት አይመልስም። «ውሃልክ!» ሲሉት እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ያቺ ትንሿ መሣሪያም ከኪሱ ጠፋች። ሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ጠረጴዛ ላይ እጁን አሳርፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔም «ጋሼ» ብቻ ብዬ መጥራት ጀመርኩ፤ ስሙ አፌ ላይ ሲመጣ እውጠዋለሁ።

የቱቦው ጉድጓድ ሲቆፈር ቁልቁለቱን እንደገና ልንለካ ጎማውን ያዝን። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች፤ እንደ ድሮው። በመሃል ሜትሩን ጣል አደረገና ቀና አለ።

«አንቺ፣ ሰው አትዋሺም ይባላል» አለኝ። «ውሃልክ ስትሉኝ ለመሳለቅ ነበር?»

ይሉኝታዬ መጣ። ኧረ በጭራሽ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ይኸው ነው እንግዲህ አልኩ በልቤ፤ እንዲህ እያልኩ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት።

«ስሙ የወጣልህ ክፍሉን ከመሥራትህ በፊት ነው» አልኩት። «የምር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንዴ ስንጠራህ እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

በጎማው ውስጥ ያለችው ውሃ በእጄ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎማውን ይጥለዋል ብዬ ፈራሁ።

«ከፍ አድርጊው» አለ። ቁጥሩን ጠራ፣ እኔም ጻፍኩ።

አራት ወር ፈጀ ሁሉም እስኪያልቅ። ቧንቧው በየቤታችን ገባ። የስፌት መኪናው እኔ ሳሎን ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ ራሴን ሊበጠብጠኝ ነው፤ ሬዲዮዬን ከሰማሁ ቆየሁ። እትዬ ሰፊዋን ግን ውጪልኝ አልልም፤ ክሯ ምንጣፌ ላይ ሁሉ ተበትኗል፣ አልልም።

መስመሩ የሚሞከርበት ቀን የኔ ቤት የላይኛው ጫፍ ስለሆነ ሙከራው ከኔ ተጀመረ። ከአዲሱ ቧንቧ በባልዲ ቀዳሁ። ውሃው ሲወርድ እጄን ከሥሩ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ ስንት ዓመት ጀሪካን የተሸከመ እጅ ነው። መሐንዲሷ ከታች፣ ድሮ ክፍሉ በነበረበት ቦታ፣ የማንሆሉን ክዳን ከፍታ ትጠብቃለች። ጋሼ ውሃልክ ከጎኗ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ጉድጓዱ ውስጥ ያያል፤ ከመስኮቴ ኮፍያው ይታየኛል። ባልዲውን ወደ ፍሳሹ ቱቦ ደፋሁና ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ከደስታዬ ብዛት ያ ስም አመለጠኝ።

«ውሃልክ! ደረሰ ወይ?»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ከታች ኮፍያው አልተነቃነቀም። መሐንዲሷ ወደኔ ቀና አለች፤ ሾፌሩም ከአስፋልቱ በኩል ወደኔ ዞረ። ከኋላዬ የስፌት መኪናው ቆመ። ከዚያ ጋሼ ውሃልክ በክርኑ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ቀና ብሎ አየኝና እጁን ከፍ አድርጎ ድምፁን ለቀቀው።

እትዬ ሰፊዋ ዩኒፎርሙን እንደያዘች ከመኪናዋ ተነስታ መጣች። «ምን አለ? ውሃው ደረሰ አለ?» አለችኝ።

«አቤት አለ» አልኳት።